ቀስ ብሎ የሚወርድ መብራት

እህቴ ከጂዳ ስትደውል ከድምጿ ኋላ ሁሌ የልብስ ማጠቢያ ማሽን ይጮሃል። የዚያን ቀን ግን ማሽኑ ዝም ብሎ ነበር። ለካ ስልኩን ይዛ በረንዳ ላይ ወጥታለች።

«ስሚኝ» አለችኝ፣ «ቲኬቱ ተቆርጧል። ለመጋረጃውም ለምንጣፉም ግድ የለኝም፣ እናንተ እንደወደዳችሁ። አንድ ነገር ብቻ ነው የምፈልገው። የሳሎኑ መብራት ቀስ እያለ የሚወርድ ይሁን። ቢጫ። ነጭ እንዳይሆን። ዲመሩን፣ ማደብዘዣ ማዞሪያውን፣ ሰው ይዞት መጥቷል፣ የሚስማማውን አምፖል አንቺ ምረጪ። ኢንጂነር አይደለሽ?»

«እሺ፣ እሺ፣ እሺ» አልኳት። ለመዝጋት ቸኩዬ ነበር። የምሰማው ግማሹን ነው፣ ሰው ዓረፍተ ነገሩን ሳይጨርስ ገብቶኛል የምል ሰው ነኝ።

ኢንጂነርነቴን እንዳለ ልንገራችሁ። በኤሌክትሪካል ከተመረቅኩ ገና ሦስት ወሬ ነው፣ ሥራ የለኝም፣ ከሚሴ ቤታችን ቁጭ ብያለሁ። የሰፈሩ ሰው የተቃጠለ ካውያውን፣ የማይናገር ሬዲዮውን ተሸክሞ እየመጣ «ኢንጂነሯ የለችም?» ይላል። አምስት ዓመት ሙሉ ቀመር ስጽፍ ኖሬ የቤት አምፖል ማቀፊያ ፈትቼ አላውቅም ብል ማን ያምነኛል? አላልኩም። ዝም ብዬ ካውያውን እቀበላለሁ።

ያስተማረችኝ እህቴ ናት። ጂዳ ሰው ቤት ተቀጥራ ሰባት ዓመት ሠርታ፣ እኔን ዩኒቨርሲቲ፣ አባቴንና እናቴን ደግሞ ከኋላ ካለችው ከጭቃዋ ቤት አውጥታ ወደ ብሎኬቱ ቤት አስገባች። ቤቱን ግን እሷ አላየችውም። ከመሠረቱ ጀምሮ የምታውቀው እኔ በስልክ ከምልክላት ፎቶ ነው። አሁን ለሁለት ወር ልትመጣ ነው፣ መመለሻ ቪዛዋ ፓስፖርቷ ላይ ተመቶ። እናቴ ይቺን መመለሻ የሚሏትን ነገር ከሰማች ጀምሮ እንቅልፍ የላትም።

«ቤቱ ከጣማት ትቀራለች» ትለኛለች፣ ልብስ እያጠፈች። «ካልጣማት ግን ትሄዳለች። ይሄን ጊዜ ከሄደች ደግሞ ያ ረቢ፣ እኔ አላያትም።»

«እማ፣ ሰው ለመብራት ብሎ አይቀርም።»

«አንቺ ምን ታውቂያለሽ። የጠየቀችው እሱን ብቻ አይደል?»

የአባቴ ችግር ሌላ ነው። አባቴ የሳሎኑን አሮጌ አምፖል፣ ያቺን የምትግለውን ስድሳ ዋት፣ እንዳትነካ ብሎ ነበር። ምክንያት አለው። ከቤታችን ጀርባ ወፍጮ ቤት አለ። ወፍጮው ሲነሳ የሰፈሩ መብራት ኃይሉ ይወድቃል፤ መጀመሪያ የገዛነው ፍሪጅ የተቃጠለው በዚህ ነው። ከዚያ ወዲህ አባቴ ወንበሩን ከፍሪጁ ሶኬት አጠገብ አስቀምጦ ዓይኑን አምፖሏ ላይ አድርጎ ይቀመጣል። አምፖሏ ቀላ ስትል «ቀላች!» ብሎ ይጮሃል፣ ገመዱንም ይነቅላል። እሱ ብቻ አይደለም። እኛ ሰፈር ሁሉም ቤት እንደዚያ ነው። መጀመሪያ ያየ ሰው በአጥር ላይ «ንቀሉ!» ይላል፣ ቀጣዩ ለቀጣዩ ያቀብላል፣ እስከ አስፋልቱ ድረስ «ንቀሉ! ንቀሉ!» እየተባለ ይሄዳል። እንግዳ ሰው ቢሰማ እሳት የተነሳ ይመስለዋል።

እሷ ልትመጣ አራት ቀን ሲቀር አስፋልት ዳር ወዳለው ኤሌክትሪክ ዕቃ ቤት ሄድኩ።

«ኤልኢዲ አለህ?»

«ሞልቷል።»

«ዲመር ላይ የሚሠራ?»

«ምን ላይ?»

«ሲፈለግ ደብዘዝ የሚል።»

ባለሱቁ ባንኮኒውን የተደገፉትን ሰዎች አየት አደረገና፣ «እህቴ፣ ከሚሴ ነው ያለነው» አለ። «እዚህ ሳይፈለግም ደብዘዝ ይላል።»

ሱቁ በሳቅ ፈረሰ። እኔ ደሜ ፈላ። ባለሱቁ አንዱን አምፖል ባንኮኒው ላይ ያለችው ማቀፊያ ውስጥ ጠመዘዘና አበራው። ዓይኔ ጠፋ። «አየሽው? ቀን ነው የሚያስመስለው! ዘጠኝ ዋት ብቻ ነው የሚበላው፣ ቆጣሪሽ መዞሩን ይረሳል።» ካርቶኑን ገልብጬ ባነበው ኖሮ ሁሉ ነገር ተጽፎበት ነበር። ስድስት ሺህ አምስት መቶ የሚለው ቁጥር ነጭ ማለት እንደሆነ ፈተና ላይ መልሼዋለሁ። «ዲመር ላይ አይሠራም» የሚል ትንሽ ጽሑፍም ነበረበት። አላነበብኩም። እየሳቁብኝ ስለነበር ስድስት አምፖል ይዤ ወጣሁ።

አባቴ ቆጣሪውን አጠፋልኝ፣ እኔ ጠረጴዛ ላይ ወጥቼ የእሱን አምፖል አወረድኳት። ከእጄ ተቀብሎ በሽርጡ ጫፍ ጠቀለላት፣ ሰው ልጅ እንደሚያቅፍ።

«ይቺ አዲሷ አታሳውቅም» አለ። «መብራቱ ቢወድቅም ዝም ነው የምትል። ባለወፍጮው ጋ ዐይቻታለሁ።»

«አባባ፣ አምፖል ናት እኮ፣ መሣሪያ አይደለችም።»

«አምስት ዓመት ይሄን ነው ያስተማሩሽ?»

በእሷና ባዶ በነበሩት ማቀፊያዎች ስድስቱን ጠመዘዝኩ፣ ዲመሩን ግድግዳው ላይ ሰካሁ፣ ክቧን ማዞሪያ እስከ መጨረሻው አዞርኳት፣ ሳሎኑ ነጭ ሆነ። ወደ ታች መለስ ሳደርጋት አምፖሎቹ ተርገበገቡ። አየሁት። እዚህ ላይ አልዋሽም፣ መርገብገቡን በዓይኔ አየሁት። ግን ወፍጮው እየሠራ ነበርና «ወፍጮው ነው» አልኩ። ደክሞኝ ነበር፣ መጨረስ ፈልጌ ነበር። መልሼ ከፍ አደረግኩትና ጠረጴዛውን ወደ ቦታው መለስኩ።

እህቴ ከአዲስ አበባ በሚኒባስ ከሰዓት በኋላ ገባች። አስፋልቱ ላይ ስትወርድ አላወቅኳትም። ጥቁር አባያ ለብሳ፣ ከስታ፣ ከሻንጣዋ ጋር የሚኒባሱ ጥላ ውስጥ ቆማ ታየናለች። እናቴ እልልታዋ ግማሽ ላይ ተቆረጠ፣ አንገቷ ላይ ወደቀች። አባቴ እሷን የሚያናግራት ሁሌ በኦሮምኛ ነው፤ «ኢንተላ ኮ፣ ኢንተላ ኮ» ይላል፣ ልጄ ልጄ እንደማለት፣ ሌላ ቃል አልወጣውም።

ቤት ስንደርስ ጎረቤቱ ሞልቶ ነበር። ሽማግሌዎቹ ዱዓ አደረጉ፣ ሁሉም አሚን አለ። እህቴ በሩን ነካች፣ የመስኮቱን ብረት ነካች፣ ግድግዳውን በመዳፏ ዳበሰችው። መግሪብ ተሰገደና ሰው ወደ ሳሎን ተመልሶ ሲቀመጥ ነጩን መብራት ቀና ብላ አየችው። ፊቷ ትንሽ ጠቆረ።

«ማዞሪያው የታለ?» አለችኝ።

በጣቴ አሳየኋት። ሄዳ፣ «ቢስሚላህ» አለችና አዞረችው።

ስድስቱም አምፖል እንደ መብረቅ ቦግ እልም፣ ቦግ እልም አለ። አንዱ ሲያበራ አንዱ ይጠፋል፣ የሰው ፊት ይታያል ይጠፋል፣ ደግሞ ዝዝዝ የሚል ድምፅ አለው። አባቴን ልማዱ ቀደመው። «ቀላች!» ብሎ ፍሪጁን ነቀለ። እናቴ ዘላ ቴሌቪዥኑን ነቀለች። አንዷ ጎረቤት በመስኮት «ንቀሉ!» ስትል ውጪ ተቀበሏት፣ ሰፈሩ ሁሉ ደህና መብራቱን መንቀል ጀመረ። አንድ ሽማግሌ ለመነሳት ሲሉ ሳህን ላይ ቆሙ። ከዚያ ሳቅ ሆነ። ሰው ሆዱን ይዞ ሳቀ፣ እኔም ሳቅኩ።

እህቴ አልሳቀችም። እጇ ግድግዳው ላይ እንደቀረ ነው፣ ጣቶቿ ግን ማዞሪያውን ለቀዋል። በሰው መሀል አልፋ ወጣች።

በረንዳው ደረጃ ላይ አገኘኋት። ተናድጄ ነበር፣ ጥፋተኛ ስሆን መጀመሪያ የሚመጣልኝ ንዴት ነው።

«አንድ አምፖል ነው እኮ! ነገ ይቀየራል! ሰው ሁሉ አንቺን ብሎ መጥቶ…»

«ነጭ አይሁን አልኩሽ።»

«ረሳሁት።»

«አልረሳሽም። አልሰማሽኝም።» ድምጿን ከፍ አላደረገችም። «የምተኛው ልብስ ማጠቢያው ክፍል ነው። ከላይ ነጭ ዘንግ አለ፣ እንደዚህ እንዳሁኑ የሚርገበገብ። ማብሪያ ማጥፊያው ውጪ ኮሪደሩ ላይ ነው። ማዳም ስታስታውስ ታጠፋዋለች፣ ስትረሳ እንደበራ ያድራል። ወጥቼ ላጥፋው እንዳልል በሩ ይቆለፋል። ሰባት ዓመት በገዛ እጄ መብራት አጥፍቼ ተኝቼ አላውቅም። በስልክ ምን ብዬ ልንገርሽ? ቢጫ ይሁን አልኩሽ፣ ቀስ ብሎ ይውረድ አልኩሽ። ከዚህ በላይ ምን ልበል?»

ከውስጥ አሁንም ይሳቃል።

ያን ቀን ሻንጣዋን አስነስታ ከኋላ ወዳለችው የጭቃ ቤት ገባች። ቀን ቀን ብሎኬቱ ቤት ውስጥ ትውላለች፣ ምንጣፍ ታራግፋለች፣ ከእናቴ ጋር ታወራለች። ጀምበር ስታዘቀዝቅ ግን ብድግ ትላለች። ራሷ የሠራችውን ቤት በር ከኋላዋ ዘግታ፣ ግቢውን አቋርጣ፣ ኩራዟን ትለኩሳለች። በሦስተኛው ቀን እናቴ ጓዳ ድረስ ተከትላኝ መጣች።

«ፓስፖርቷን አውጥታ ስታየው አገኘኋት» አለችኝ። «ቀኑን ትቆጥራለች። ሰባት ዓመት ምን ጠየቀችሽ? ምን? አንድ ነገር።»

በማግስቱ በጠዋት ዲመሩን ከግድግዳው ነቅዬ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩና ኮምቦልቻ ሄድኩ። ሦስት ሱቅ ገባሁ። ሁሉም «አለ» ይላል፣ ሁሉም የሚያወጣው ያንኑ ነጩን ነው። አሁን ግን ካርቶን አነባለሁ፣ እንደ እብድ። አራተኛው ሱቅ የአንዲት ጠና ያሉ ሴትዮ ነው፣ ጥቁር ሒጃብ፣ ጆሯቸው ላይ እስክሪብቶ ሰክተዋል።

«ዲመር ላይ የሚሠራ ነው የምፈልገው» አልኳቸው። «በውነት የሚሠራ።»

«ካርቶኑንም እኔንም አትመኚ» አሉና ከባንኮኒው ሥር ሰሌዳ አወጡ፤ ዲመርና ሁለት ማቀፊያ ተመትቶበታል። «እዚሁ እንየው። ለሳሎን ነው?»

«ለሳሎን።»

«እንግዲያስ ስድስት ሺህ የሚለውን ተይው፣ እሱ ለሆስፒታል ነው። ሁለት ሺህ ሰባት መቶ የሚለውን ያዢ፣ ቢጫው እሱ ነው። ካርቶኑ ላይ ደግሞ ይቺን የማዞሪያ ምልክት ፈልጊ። ከሌለች ባለሱቁ ቢምልልሽም አትግዢ።» አበሩት። በጣታቸው አዞሩት። መብራቱ ሳይንቀጠቀጥ፣ ሳይጮህ ወረደ፣ ወረደ፣ ክብሪት አከለ። «እሱን ስጡኝ» አልኳቸው።

አራት ወሰድኩ፣ አምስት አምስት ዋት። ልወጣ ስል፣ «የናንተ ዲመር የድሮው ነው የአሁኑ? እስቲ ጀርባውን አሳይኝ» አሉ። ውጪ ሚኒባሱ ጥሩንባ እያሰማ ነበር።

«ዲመር ዲመር ነው» ብዬ ሮጥኩ። ቦርሳዬ ውስጥ እኮ ነበር! እጅ መስደድ ብቻ ነው የቀረኝ።

ቤት ስደርስ አሥር ሰዓት ሆኗል። እህቴ ግቢ ውስጥ ሽንኩርት ትልጣለች። «አምጥቻለሁ» አልኳት። «ካልሠራ አትጥሪኝ» አለች፣ ቀና ሳትል።

ሰካሁ። አበራሁ። ቢጫ፣ ለስላሳ፣ ልክ እንዳለችው። እናቴ «አልሐምዱሊላህ» አለች። አዞርኩት፤ ወረደ። አሁንም አዞርኩት፤ ወረደ። ከግማሽ በታች ሲሆን አራቱም መርገብገብ ጀመሩ።

ፒንሳውን ወርውሬ ግድግዳውን ጫርኩት። አሁንም ድረስ አለ ጭረቱ። የብረቱን ድምፅ እህቴ ሰማች መሰለኝ ከውጪ፣ «ተይው በቃ» አለች። ተቆጥታ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። «ሁለት ወር ምን አላት፣ ታልቃለች።»

እናቴ ወደ እኔ አላየችም። መሬት ላይ ቁጭ ብዬ ዲመሩን ፈታሁት፣ ጀርባውን ገለበጥኩት። ሴትዮዋ አሳይኝ ያሉትን ጀርባ። ከአርባ እስከ አራት መቶ ዋት ይላል፣ በላስቲኩ ላይ ተቀርጾ። የድሮው ዓይነት ነው፣ ለሚግሉት አምፖሎች የተሠራ። ከአርባ ዋት በታች ሲሸከም ይንቀጠቀጣል። የእኔ አራት አምፖል አንድ ላይ ሃያ ነው። ቆጣቢ በሆኑ ቁጥር ለእሱ አልበቁትም። ለኤልኢዲ የሚሆነውን ዲመር ለማግኘት አዲስ አበባ ድረስ መሄድ ሊኖርብኝ ነው፣ ወይም ደግሞ ከአርባ የሚበልጥ ነገር እዚሁ መስመር ላይ መጨመር።

አባቴ ወንበሩ ላይ ነው። ሽርጡን አየሁት።

«አባባ፣ አምፖልህ የታለች?»

«የቷ?»

«ያቺ ስድሳዋ።»

«እሷማ መሣሪያ አይደለችም አላልሽም?»

«አልኩ።»

«አሁንስ?»

«አሁን ስጠኝ፣ በአላህ።»

ተነሳ፣ ሳጥኑን ከፈተ፣ ከሰላት ምንጣፉ ሥር እንደተጠቀለለች አወጣት። አልሰጠኝም ግን፣ ይዟት ቆመ። «ቦታዋ የት ነው?»

«የፈለግክበት።»

«ከወንበሬ የማያት ቦታ።»

ከፍሪጁ በላይ ማቀፊያ መታሁላት፣ ገመዱን ከአራቱ መስመር ጋር አገናኘሁት። በቁጠባው በኩል ተሸንፌያለሁ፣ አውቃለሁ። ያሁኖቹ አራቱ ተደምረው የእሷን ሲሶ ነው የሚበሉት። አንዱን ብሎን ሦስት ጊዜ ጣልኩት። ግን አልቸኮልኩም፤ በሕይወቴ መጀመሪያ ይመስለኛል። ከላይ እስከ ታች፣ ከታች እስከ ላይ፣ አሥር ጊዜ አዞርኩት። ወፍጮው ቆሞ ሞከርኩት። ወፍጮው እስኪነሳ ጠብቄ ሞከርኩት። ከዚያም ቢሆን ልጠራት ፈራሁ።

የጠራት አባቴ ነው። ጀምበር እየጠለቀች እሷ ኩራዟን ልትለኩስ ስትነሳ በመስኮት «ኢንተላ ኮ፣ ኮቱ» አላት፣ ነይ ማለቱ ነው።

በሩ ላይ ቆመች። ጫማዋን አላወለቀችም፣ ልትመለስ እንደሆነ ገባኝ። እጇን ሰዳ ማዞሪያውን ያዘች፣ ፊቷን ግን ወደ ግቢው አዙራለች፣ እንዳታይ። አዞረች። መብራቱ ከጣሪያው፣ ከመጋረጃው፣ ከእናቴ ፊት ላይ ቀስ እያለ ሸሸ። የአባቴ አምፖል ከሌሎቹ ጋር እየቀላች ወረደች። ምንም ድምፅ የለም። እህቴ ቀስ ብላ ዞረች። የብርጭቆዎቹ ጠርዝ ብቻ ሲታይ እጇን አቆመች።

አባቴ የፍሪጁን ገመድ ጨብጦ ግማሽ ተነስቷል። ግራ ገብቶታል።

«አንቺ ነሽ ወይስ መብራቱ ነው?» አላት።

«እኔ ነኝ አባባ።»

ገመዱን ለቀቀ። እሷ ጫማዋን አወለቀች።

ከዚያ በኋላ በየምሽቱ እንደዚያው ሆነ። እሷ ታወርደዋለች፣ እሱ ይጠይቃል፣ እሷ «እኔ ነኝ» ትላለች። «አባባ፣ አራቱም ከወረዱ እሷ ናት። ያንተ ብቻ ከቀላች መብራቱ ነው» ብዬ አስረዳሁት። ገባው። መጠየቁን ግን አልተወም። ስለ መመለሱ ማንም አላነሳም። እሷም አትናገርም፣ እኛም አንጠይቅም፣ ሻንጣዋ ከጭቃው ቤት ወደ መኝታ ቤቱ ይግባ እንጂ ልብሷ ከውስጡ አልወጣም። እናቴ በየጁምዓው ቀኑን በጣቷ ትቆጥራለች።

የመጨረሻው ቀን ደረሰ። ያን ቀን ከአገር ካልወጣች ቪዛው ያበቃል፣ መመለስም የለም። ምሳ በላን። ከሰዓት በኋላ እህቴ አልታየችም። መግሪብ ደርሶ መብራት በራ። ትንሽ ቆይቶ ሳሎኑ ደብዘዝ አለ፣ አባቴ አምፖሏን ሳያይ አፉን ከፈተ፣

«አንቺ ነሽ ወይስ መብራቱ ነው?»

ዲመሩ አጠገብ ማንም አልነበረም።

«ኢንተላ ኮ?»

እናቴ የያዘችውን አስቀመጠችና ወደ መኝታ ቤቱ፣ ወደ ሻንጣው አየች። አባቴ እጁ ገመዱ ላይ ነው፣ አይነቅልም፣ አይለቅም፣ ይጠብቃል።

ከዚያ ከጓሮ፣ ከልብስ ማስጫው በኩል፣ የሚጮህ ድምፅ መጣ።

«እኔ አይደለሁም! ወፍጮው ነው! ልብስ እያነሳሁ ነው፣ ምን ትጠብቃላችሁ፣ ንቀሉ!»

አባቴ ነቀለ። እህቴም ጩኸቱን በአጥሩ ላይ ለጎረቤት አቀበለች፣ «ንቀሉ!»፣ ጎረቤት ለጎረቤት፣ እስከ አስፋልቱ ድረስ።